የጡት በሽታ መድኃኒት ከመመረጡ በፊት ወተቱ ይመርመር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለወተት አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ አስተያየት

ዲቃላ የወተት ላሞች በሚረቡባቸው አካባቢዎች፣ በአዲስ አበባ ዙሪያም ሆነ በሰላሌ፣ በቢሾፍቱም ሆነ በአርሲ፣ የጡት በሽታ የሚያደርሰውን ጉዳት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መዘርዘር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ግቷ ያበጠ፣ ወተቷ የጓጎለ ላም ስትገኝ ምን እንደሚደረግም ሁላችንም እናውቃለን። ባለቤቱ ወደ መድኃኒት መሸጫ ይሮጣል። የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ፔንስትሬፕ ወይም ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው። ላሟ ካልዳነች ያው መድኃኒት ይደገማል፤ አሁንም ካልዳነች ሌላው ይሞከራል። በዚህ ሁሉ መካከል በሽታውን ያመጣው ባክቴሪያ የትኛው እንደሆነና የተወጋው መድኃኒት እሱን ይገድል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም።

ይህ አሠራር መለወጥ አለበት። በተለይም ስታፊሎኮከስ በሚባሉት ባክቴሪያዎች ላይ መድኃኒት በግምት መምረጥ ከእንግዲህ አያዋጣም። ወተቱ ተመርምሮ ባክቴሪያው ለየትኛው መድኃኒት እንደሚሸነፍ መታወቅ አለበት፤ የዚህም ምርመራ ወጪና ኃላፊነት የአንድ ላም ባለቤት ሸክም ሳይሆን የማኅበሩ የጋራ ሥራ መሆን ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ይኸው ነው።

የጸሐፊው ሙያ ሰብል እንጂ የእንስሳት ሕክምና አይደለም። ታዲያ ምን አገባህ የሚል ቢኖር፣ ነገሩ ለሰብል ሰው እንግዳ አይደለም እለዋለሁ። ኩብሳ የተባለው የስንዴ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2010 በቢጫ ዋግ ሲመታ ብዙ ገበሬ ወደ ዲጋሉ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫውን ዋግ ይቋቋም ነበርና ሰፊ መሬት ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ግን ዲጋሉን ማጥቃት የሚችል የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ በባሌና በአርሲ ማሳውን አጨደው። ዲጋሉ መጥፎ ዘር ስለነበረ አልነበረም። አንድ ዓይነት መከላከያ በሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲቆም፣ ያን መከላከያ የሚያልፍ ጠላት ያለ ተቀናቃኝ ይራባል። በአንድ ወረዳ ላሞች ግት ውስጥ ዓመት ከዓመት አንድ መድኃኒት ብቻ ሲፈስም የሚሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ባክቴሪያውና ልማዱ

ስታፊሎኮከስ የሚለው ስም ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን የወይን ዘለላ ከሚለው ቃል ጋር ይያያዛል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ ዘለላ ተጠጋግቶ ስለሚገኝ ነው። ከዘመዶቹ ሁሉ አደገኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። በላም ጡት ቆዳ ላይ፣ በአላቢው እጅ፣ በሰው አፍንጫም ውስጥ ይኖራል። ከላም ወደ ላም የሚሻገረው በአብዛኛው በአለባ ጊዜ ሲሆን፣ ለሁሉም ላም በሚያገለግለው በዚያ በአንድ እራፊ ጨርቅ ጭምር ነው። አንዴ ግት ውስጥ ከገባ መግል ይቋጥራል፤ ጠባሳ ይሠራል፤ በላሟ ሕዋሳት ውስጥም ይሸሸጋል። ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም፤ ወተቱ በዓይን ሲታይ ደኅና ይመስላል፣ መጠኑ ግን ይቀንሳል። በሀገራችን በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ የተካሄዱ ጥናቶች ከታመመ ጡት በተወሰደ ወተት ውስጥ ይህን ባክቴሪያ በተደጋጋሚ አግኝተውታል፤ ከተገኙትም መካከል ፔኒሲሊን የማይበግራቸው ብዙ ናቸው።

ይህ ልማድ የትናንት አይደለም። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ስታፊሎኮከስ ያበቀለበት ሳሕን በሻጋታ ተበላሽቶ፣ በሻጋታው ዙሪያ ያሉት ባክቴሪያዎች ሟሙተው በማየቱ ነበር። ገና በ1944 ዊልያም ኪርቢ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም መድኃኒቱን ከሚቋቋሙ ስታፊሎኮከሶች ውስጥ ፔኒሲሊንን የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር ማውጣት ቻለ። ፍሌሚንግ ራሱ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል መድኃኒቱ ከሚገባው መጠን በታች ሲሰጥ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምደው አስጠንቅቋል። ይህን ኢንዛይም እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራው ሜቲሲሊን በ1959 ለሕክምና ዋለ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1961፣ እሱንም የሚቋቋም ስታፊሎኮከስ በእንግሊዝ ሀገር መገኘቱ ተገለጠ። የመድኃኒት ፋብሪካ በአሥር ዓመት የሚሠራውን ባክቴሪያው በጥቂት ወራት ያፈርሰዋል ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ላቦራቶሪው የሚሠራው

የልማት ሠራተኛው ምርመራውን ራሱ ባይሠራውም እንዴት እንደሚሠራ ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ውጤቱን አንብቦ ለገበሬው የሚያስረዳው እሱ ነውና።

ወተቱ ላቦራቶሪ ሲደርስ ጥቂቱ ደም በተቀላቀለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ይሰመርና በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ለ48 ሰዓት ይቀመጣል። የበቀለው በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዚያም የጥንቸል ደም ፕላዝማ ያረጋ እንደሆነ ይፈተናል። ካረጋ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መሆኑ በእጅጉ ይታመናል። ፕላዝማ የማያረጉት ዘመዶቹ በጡት ላይ የሚያስከትሉት በሽታ በአብዛኛው ቀለል ያለ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ዋናው ፈተና ነው። ከበቀለው ንጹሕ ዘር ተወስዶ በጨው ውኃ ይበጠበጣል። የብጥብጡ ድፍርስነት ከመለኪያ ጋር ይመሳከራል፤ ይህ የሚደረገው እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ ባክቴሪያው ከበዛ መድኃኒቱ ደካማ፣ ካነሰ ደግሞ ብርቱ መስሎ ይታያል። ብጥብጡ ሙለር ሂንተን በሚባል፣ 4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ባለው ማሳደጊያ ላይ በእኩል ይቀባል። በላዩ ላይ የተወሰነ መጠን ያለው መድኃኒት የጠጡ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች፣ ማለት ዲስኮች፣ ተራርቀው ይቀመጣሉ። በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሳሕኑ ይታያል። መድኃኒቱ የሠራበት ቦታ ባዶ ክብ ሆኖ ይቀራል፤ ያልሠራበት ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጥግ ድረስ ይበቅላል። የክቡ ስፋት በማስመሪያ ይለካል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1966 መልክ አስይዘው ያሳተሙት ባወርና ከላይ ስሙን ያነሣነው ኪርቢ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ነው።

ስፋቱን ማየት ብቻውን አይበቃም። ሰፊ ክብ ያሳየ መድኃኒት ሁሉ ብርቱ፣ ጠባብ ያሳየ ሁሉ ደካማ ነው ብሎ መድኃኒቶችን እርስ በርሳቸው ማወዳደር ትልቅ ስሕተት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ወሰን አለው። ለስታፊሎኮከስ ባለ 10 ዩኒት የፔኒሲሊን ዲስክ 29 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ካሳየ ባክቴሪያው ይሸነፋል ይባላል፤ 28 እና ከዚያ በታች ከሆነ ይቋቋማል። ለቴትራሳይክሊን ግን 19 ሚሊሜትር ይበቃል። በፔኒሲሊን ላይ ደግሞ ሌላ መታየት ያለበት ነገር አለ። ክቡ ሰፊ ሆኖ ጠርዙ እንደ ገደል ቁልጭ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ባክቴሪያው ያን ፔኒሲሊን ሰባሪ ኢንዛይም ይሠራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ 29 ቢሞላም ይቋቋማል ተብሎ መመዝገብ አለበት። ጠርዙ ቀስ በቀስ እየሳሳ የሚሄድ ከሆነ ነው ፔኒሲሊኑ የሚታመነው።

ሜቲሲሊንን የሚቋቋመውን ዓይነት ለመለየት ዛሬ የሚሠራበት ሴፎክሲቲን የተባለው ባለ 30 ማይክሮግራም ዲስክ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በዚህ ዲስክ ዙሪያ 22 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ባዶ ክብ ካሳየ ደግ ነው፤ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ በጡት ቀዳዳ የሚገባውን ክሎክሳሲሊንን ጨምሮ የፔኒሲሊን ቤተሰብ በሙሉ እንደማይረዳ ይቆጠራል። እንዲህ ያለ ውጤት የመጣበት ቤት ጉዳዩ የላሟ ብቻ አይደለም፤ የአላቢውና የቤተሰቡ ጤናም ነው። ለጤና ጣቢያው መንገር ይገባል።

ማኅበራት በድፍረት ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ማንኛውም ሥራውን የሚያከብር ላቦራቶሪ ከእኛ ናሙና ጎን ለጎን ጠባዩ የታወቀ የመቆጣጠሪያ ዘር ይፈትናል። ለዚህ ከሚያገለግሉት አንዱ በቁጥር 25923 የሚታወቀው ስታፊሎኮከስ ነው። በዚህ ዘር ላይ የፔኒሲሊኑ ዲስክ ከ26 እስከ 37፣ የሴፎክሲቲኑ ከ23 እስከ 29 ሚሊሜትር ካላሳየ የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ መጣል አለበት። ዲስክ መብራት በጠፋበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲከርም ኃይሉን ያጣል፤ ኃይሉን ያጣ ዲስክም ደኅናውን መድኃኒት ከንቱ ያስመስለዋል። «የመቆጣጠሪያው ዘር ያን ቀን ስንት አሳየ?» ብሎ መጠየቅ ባለሙያውን መድፈር አይደለም። ወተት ስናስረክብ መለኪያውን እናይ የለም እንዴ?

የላቦራቶሪዎችም ዕዳ አለ። አልፎ አልፎ ወደ ማኅበራት የሚመለሰው ወረቀት ኤስ፣ አይ፣ አር የሚሉ ሦስት የባዕድ ፊደላት የተደረደሩበት ነው፤ ያውም ላሟ ከተሸጠች በኋላ ይደርሳል። «ይሸነፋል»፣ «አጠራጣሪ ነው»፣ «ይቋቋማል» ብሎ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ መጻፍ ምን ይገድዳል?

ምርመራው የማይናገረው

በላቦራቶሪ የተሸነፈ ባክቴሪያ በላሟ ግት ውስጥም ይሸነፋል ማለት አይደለም። ለሚሊሜትሩ የተሰጠው ወሰን በአብዛኛው የተወሰነው መድኃኒት በሰው ደም ውስጥ የሚደርስበትን መጠን በማሰብ ነው፤ ጠባሳ የሞላው ግት ሌላ ነገር ነው። በሽታው ከቆየ፣ ላሟ ካረጀች ወይም ከአንድ በላይ ጡት ከተያዘ ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ስለዚህ ምርመራው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ላይሠራ የተረጋገጠውን መድኃኒት ለመተው ነው። አንዳንዴም ጭራሽ መድኃኒት አለመስጠትን ይመክራል፤ ላሟን በመጨረሻ ማለብ፣ በምትነጥፍበት ጊዜ ማከም፣ ካልሆነም ለሥጋ ማዋል። ለአንድ ላም ባለቤት ይህ መራራ ምክር መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ሥር የሰደደ በሽታ ያለባትን ላም ለወተት ትሆናለች ብሎ ገበያ አውጥቶ መሸጥ በሽታውን ከነመድኃኒት ልማዱ ወደ ሌላ ገበሬ በረት ማዛወር ነው።

በግምት ማከም ርካሽ ይመስላል። እስቲ በምሳሌ እናስላው። በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ላም ለ3 ቀን መድኃኒት ብትወስድና መድኃኒቱ ከወተቱ እስኪወጣ ደግሞ 4 ቀን ቢያስጠብቅ፣ 70 ሊትር ወተት ለሰው ምግብ አይውልም። መድኃኒቱ የማይሠራ ሆኖ ሕክምናው ቢደገም 140 ሊትር ይሆናል። የመድኃኒቱ ዋጋና የላሟ ድካም ገና አልተቆጠረም። ባለቤቱ ግን ወተቱን በእርግጥ ይደፋል ወይ? እዚህ ላይ እውነቱን መነጋገር ይበጃል፤ ብዙው አይደፋም። ወደ ማኅበሩ ገንዳ ያመጣዋል። የአንዷ ላም ወተት የሌሎቹን ሁሉ ያበላሻል። እርጎ አልረጋ ሲል፣ አይብ አልወጣ ሲል እናቶች ዕቃው አልታጠነም ወይም ቡዳ በላው ይሉ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ወተቱን የሚያረጋውን ደጉን ባክቴሪያ የገደለው በወተቱ ውስጥ የቀረው መድኃኒት ነው። አፍልቼ እጠጣለሁ ማለትም ሙሉ መፍትሔ አይደለም። ማፍላት ስታፊሎኮከስን ይገድላል፤ ወተቱ ሳይቀዘቅዝ በቆየበት ጊዜ ባክቴሪያው የረጨውን መርዝ ግን አያጠፋም፤ መድኃኒቱንም ጨርሶ አያስወግድም።

የማኅበሩ ድርሻ

«ላቦራቶሪው ሩቅ ነው፣ ለአንዲት ላም ብሎ ማን ይሄዳል?» የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው። ለዚህም ነው ሥራው የማኅበሩ ይሁን የምንለው። የእያንዳንዷን ላም ወተት በየጊዜው መላክ አያስፈልግም። ማኅበሩ ከወተቱ ሽያጭ በየሊትሩ ጥቂት ሳንቲም አስቀምጦ፣ ከታመሙት ላሞች የተወሰደውን ናሙና ሰብስቦ በአንድ የበረዶ ሣጥን በአንድ ጊዜ ቢልክ ወጪው ለሁሉም ይከፋፈላል። በሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ እንደ አሰላ፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ በደሌና ሶዶ ባሉ ከተሞችም የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪዎች አሉ። ከመላክ በፊት ስልክ ደውሎ ዲስክና ማሳደጊያ መኖሩን ማረጋገጥ መንገድ ያድናል።

ውጤቱ ሲመለስ የሚገኘው ጥቅም ከአንዷ ላም ይሰፋል። በወተት መሰብሰቢያው ግድግዳ ላይ ሰንጠረዥ ይለጠፍ፤ በአካባቢው የተገኙት ስታፊሎኮከሶች ስንቱ ለየትኛው መድኃኒት እንደተሸነፉ ይጻፍበት። ከአንድ ላም በዓመት የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ይሁን፤ አለዚያ አንዲት በተደጋጋሚ የታመመች ላም መላውን ወረዳ ትወክላለች። የተመረመሩት ባክቴሪያዎች ከ30 ካነሱ ደግሞ መቶኛ ባይሰላ ይሻላል፤ «ከ8 ውስጥ 6» ብሎ መጻፍ የበለጠ ሐቀኛ ነው። እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ በእጁ ያለው የእንስሳት ሐኪም ለድንገተኛ ሕመምተኛ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሲመርጥ ከጨለማ ይወጣል።

ድንገተኛ ሲባል፣ ትኩሳት የያዛት፣ መብላት የተወችና ግቷ የጋለ ላም ውጤት እስኪመጣ ትጠብቅ የሚል የለም። ምርመራው ከጉዞው ጋር ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳልና ትሞታለች። ለእንዲህ ያለችው ሐኪሙ ወዲያው ይወጋል፤ ነገር ግን ከመርፌው በፊት ጥቂት ወተት በጠርሙስ ይያዝ። ከመርፌው በኋላ የተወሰደ ናሙና ባክቴሪያውን ሊደብቅ ይችላል። ግቷ ጠጥሮ ወተቷ ጥቂት የጓጎለ፣ ያለዚያ ግን ደኅና የሆነች ላም ቀን ልትጠብቅ ትችላለች፤ እስከዚያው ቶሎ ቶሎ ማለብ ነው።

ናሙና አወሳሰዱ ላይ ልማት ሠራተኛው ራሱ ቆሞ ማሳየት ይኖርበታል፤ በቆሻሻ እጅ የተወሰደ ወተት ላቦራቶሪ ሲደርስ የእበቱን ባክቴሪያ እንጂ የግቱን አያሳይም። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጡቱ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍንጣቂዎች ይደፉ። ከዚያም የጡቱ ጫፍ በ70 በመቶ አልኮል በራሰ ጥጥ በደንብ ይታሽ፤ ያገር ቤት አረቄ ጥንካሬው ወደዚህ ስለማይደርስ አይተካውም። ሲታሽ ከራቀው ጡት ይጀመራል፤ ሲታለብ ግን ከቀረበው፤ አለዚያ የታሸውን በክንዳችን እናቆሽሸዋለን። ጠርሙሱ አፉ ወደ ላይ ሳይሆን ጋደም ተደርጎ ይያዝ፤ ክዳኑ መሬት አይነካ። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በየቀኑ በወተት አይወጣምና አንድ ጊዜ ተመርምሮ «አልተገኘም» የተባለች ላም ከጥቂት ቀናት በኋላ እንደገና ብትመረመር ተገቢ ነው።

በጠርሙሱ ላይ የባለቤቱ ስም፣ የላሟ መለያ፣ የጡቱ ቦታና የተወሰደበት ቀን ይጻፍ፤ ባለፉት ሳምንታት የተሰጣት መድኃኒት ካለ እሱም በወረቀት ይያያዝ። በበረዶ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት፤ ካልተቻለ በማቀዝቀዣ ወደ በረዶነት ይለወጥ፤ ስታፊሎኮከስ ይህን ይችለዋል። ዓርብ ቀን ግን አይላክ። ቅዳሜና እሑድ በተዘጋ በር ሥር የከረመ ወተት ሰኞ ሲከፈት ለማንም አይጠቅምም፤ እሑድ ማታ ተወስዶ ሰኞ ጠዋት ቢደርስ የሳምንቱ መጨረሻ ሳይመጣ ውጤቱ በስልክ ሊነገር ይችላል።